ከአንባቢያን ለጥርስ ሐኪሙ፦ የመንጋጋ ዕጢና ባለ ሦስት አውታር ምስል

ባለፈው እትም በመንጋጋ ላይ ስለሚወጡ እብጠቶች በአጭሩ ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ሐኪሞች በተለምዶ ስሪዲ የሚባለውን ባለ ሦስት አውታር ምስል የሚያዝዙት ለምንድን ነው፣ የተነሣነው ራጅስ ምን ጎደለው የሚል። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመቱ ወንድሜ የታችኛው መንጋጋው በቀኝ በኩል ማበጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስለማያመው ብዙም አላሳሰበንም ነበር። መጀመሪያ የጥርስ ጣጣ ነው ተብሎ ሁለት የመንጋጋ ጥርሶቹ ተነቀሉ፤ እብጠቱ ግን አልቀነሰም። በቅርቡ በተነሣው ራጅ ላይ ትልቅ ጥቁር ቦታ ስለታየ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ባለ ሦስት አውታር ምስል እንዲነሣ፣ ከዚያም ከዕጢው ለምርመራ የሚቆረጥ ናሙና እንዲሰጥ ታዘዘ። ራጁ በሽታውን ካሳየ ሌላ ምስል መነሣት ወጪ ማብዛት አይሆንም? ዕጢውስ ለምን ተጠርጎ አይወጣለትም? (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድምዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። የመጨረሻው ሐኪም የሰጡት ትእዛዝ ተገቢ ነው። በመጀመሪያው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ፤ ያበጠ መንጋጋ ላይ ያለ ጥርስ ራጅ ሳይታይ መነቀል አልነበረበትም። የሚነቃነቅ ጥርስ ብዙ ጊዜ የበሽታው ምልክት እንጂ መንሥኤው አይደለም።

ራጅ ጥላ ነው። የመሶብ ጥላ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ቁመቱንና ወርዱን እናያለን፤ ጥልቀቱን፣ ውስጡም እንጀራ ይኑር አይኑር፣ ጥላው አይነግረንም። ፓኖራማ የሚባለውና ሁለቱን መንጋጋዎች ከጆሮ እስከ ጆሮ በአንድ ፊልም ላይ የሚያወጣው ራጅ፣ ቀስት ሆኖ የታጠፈውን አጥንት ዘርግቶ ስለሚያስተኛው፣ ከጉንጭ ወደ ምላስ ያለው ውፍረት ጨርሶ አይታይም፤ የአንገት አጥንት ጥላም በፊት ጥርሶች ላይ ይደረባል። በዚህ ላይ ደግሞ አጥንት በራጅ ላይ ጠቁሮ የሚታየው ከያዘው ማዕድን ከ30 እስከ 50 በመቶ ያህሉን ካጣ በኋላ ስለሆነ፣ ጥቁሩ ቦታ ያለቀበት መስመር ዕጢው ያለቀበት መስመር ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ባለ ሦስት አውታር ምስል መንጋጋውን እንደ ድፎ ዳቦ በስሱ እየቆረሰ ያሳያል። ሐኪሙ ቁራሾቹን ከላይ ወደ ታች፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያገላበጠ ራጁ ላይ መልስ ያላገኘላቸውን ጥያቄዎች ይመልሳል። የአጥንቱ የውጭ ግድግዳ ሳስቷል ወይስ ተበስቷል? ለታችኛው ከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭ የሚያልፍበት ቦይ ተገፍቷል ወይስ ተውጧል? የጥርሶቹ ሥር ተበልቷል? በመንጋጋው የታችኛ ጠርዝ ላይ ስንት ሚሊ ሜትር ጤናማ አጥንት ቀርቷል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በጠርዙ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ አጥንት ማትረፍ ከተቻለ መንጋጋው ሳይበጠስ ዕጢው የሚወጣበት ዕድል ይኖራል፤ ካልተቻለ ግን አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ በሌላ መተካት አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለታማሚው ወራት የሚወስድ የሕይወት ልዩነት ነው።

እብጠቱ ምን እንደሆነ ከደብዳቤ ተነሥቼ ልናገር አልችልም። ይሁን እንጂ በአንድ ወጣት የታችኛ መንጋጋ የኋላ ክፍል ላይ፣ ያለ ሕመምና በዝግታ የሚያድግ እብጠት ሲታይ ሐኪሞች ቀድመው ከሚያስቧቸው አንዱ አሜሎብላስቶማ ነው። ይህ ዕጢ የሚነሣው ኢናሜል የተባለውን የጥርስ ጠንካራ ሽፋን ከሚሠሩት ሕዋሳት ወገን ሲሆን፣ ከአምስት ታማሚዎች በአራቱ ላይ የሚገኘው በታችኛው መንጋጋ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ሆኖም አጥንትን እየበላ ከመስፋት የሚያቆመው የለም። በምስል ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ማር እንጀራ ወይም እንደ ሳሙና አረፋ የተከፋፈሉ ክፍሎች ሆኖ ይታያል።

ችግሩ፣ ሌሎችም እንዲሁ ሊታዩ መቻላቸው ነው። ኬራቶሲስት የሚባለው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ተመሳሳይ ክፍልፋይ ሊያሳይ ይችላል። ልምድ ያለው ሐኪም፣ ኬራቶሲስት አብዛኛውን ጊዜ በአጥንቱ ቁመት ውስጥ ለውስጥ እንደሚሮጥና ወደ ጎን ብዙ እንደማይገፋ፣ አሜሎብላስቶማ ግን አጥንቱን ወደ ጉንጭና ወደ ምላስ እንደሚነፋው አይቶ ይገምታል፤ ፓኖራማው የማያሳየውን ይህንን የጎን እድገት በግልጽ የሚያሳየውም ባለ ሦስት አውታሩ ምስል ነው። ቢሆንም ግምት ግምት ነው። ምስሉ ዕጢው የት እንዳለና እስከ የት እንደደረሰ ይናገራል፤ ስሙን የሚናገረው ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ በሚያይ ሐኪም (ፓቶሎጂስት) የሚመረመረው ናሙና ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ምስሉ ከናሙናው እንዲቀድም የሚደረግበት ምክንያትም አለ። ናሙና ሲወሰድ የሚፈጠረው ደምና ቁስል ምስሉን ያዛባል፤ ናሙናው ከየትኛው ክፍል ቢወሰድ እንደሚሻል የሚጠቁመውም ምስሉ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አልፎ አልፎ በመንጋጋ ውስጥ ያለው ነገር የደም ሥሮች ቋጠሮ ሆኖ ይገኛል። ይህን ሳይጠረጥሩ መክፈት ለማቆም የሚያስቸግር የደም መፍሰስ ስለሚያስከትል፣ ጥርጣሬ ካለ በቅድሚያ በመርፌ ተስቦ ይሞከራል።

ስለ መጥረግ ላነሡት፦ ናሙናው የተለመደውን ዓይነት አሜሎብላስቶማ ካረጋገጠ መጥረግ በጣም የሚያጓጓ፣ ግን የሚያታልል መንገድ ነው። የዕጢው ሕዋሳት በምስል ከሚታየው ድንበር እስከ 8 ሚሊ ሜትር ድረስ በስፖንጅ መሰሉ የውስጥ አጥንት ውስጥ ሠርገው ስለሚገኙ፣ ተጠርገው ከወጡት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይመለሳሉ። በዚህም ምክንያት ቀዶ ሐኪሞች በምስል ከታየው ድንበር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር አልፈው ይቆርጣሉ። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ዓይነት ሲሆን በቀላል ሕክምና ሊታለፍ የሚችልበት ሁኔታ አለ፤ ያንንም የሚወስነው ናሙናው ነው። የምስሉ ወጪ ቢከብድዎት እንኳን፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ከሚያስወጣው ጋር አይወዳደርም። እንደ የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ ሪፈራል ሆስፒታሎች የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስላለ፣ የሪፈር ወረቀቱን ይዞ ወደዚያ መሄዱ ይበጃል።

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ የግል ክሊኒክ ኮን ቢም ሲቲ የሚባለውን ምስል ተነሥቻለሁ። ሐኪሙ ምስሉን ካዩና የታችኛው ከንፈሬ መደንዘዙን ከነገርኳቸው በኋላ ግን በደም ሥር መድኃኒት እየተሰጠ የሚነሣ ሲቲ ስካን እንደገና አዘዙልኝ። ሁለቱም ሲቲ ከተባሉ ልዩነታቸው ምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥያቄዎ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ነው፤ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ሁለቱም ባለ ሦስት አውታር ምስል የሚሰጡ፣ ከአንድ ሐሳብ የተወለዱ፣ ግን የተለያየ ሥራ ያላቸው መሣሪያዎች ናቸው። ሲቲ ስካን እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠሩት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ታማሚ በለንደን የተመረመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ሃውንስፊልድም በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ለጥርስና ለመንጋጋ ተብሎ የተሠራው ኮን ቢም ግን የቅርብ ጊዜ ነው፤ በጣሊያን ቬሮና ያሉ ተመራማሪዎች ስለ እርሱ ያሳተሙት በ1998 ነው።

ኮን ቢም እንደ ጎጆ ጣሪያ እየሰፋ የሚሄድ ጨረር ይጠቀማል፤ ታማሚው ተቀምጦ ወይም ቆሞ ሳለ ማሽኑ በጭንቅላቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ይዞርና ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ጥርስንና አጥንትን እጅግ አጥርቶ ያሳያል፤ የጨረር መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ ከሲቲ ያነሰ ነው። ደካማ ጎኑ ለስላሳው አካል ነው፤ ጡንቻው፣ ዕጢው፣ የአንገት ንፍፊቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አመድማ ሆኖ ይታያል። በአፍ ውስጥ የብረት ጥርስ ካለም በዙሪያው የብርሃን ጭረት እየፈጠረ ምስሉን ያበላሻል።

የእርስዎ ሐኪም ሐሳባቸውን የለወጡት ከንፈርዎ በመደንዘዙ ይመስለኛል፤ ጥሩም አድርገዋል። ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነርቩን ብዙ ጊዜ ይገፋዋል እንጂ አያደነዝዘውም። ጥርስ ሳይነቀልና አደጋ ሳይደርስ የከንፈር ወይም የአገጭ መደንዘዝ ሲመጣ፣ በተለይ ከአርባ ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ፣ ኢንፌክሽን ወይም ካንሰር አለመሆኑ በፍጥነት መጣራት አለበት። እዚህ ላይ የሚፈለገው መረጃ አጥንቱ ብቻ ሳይሆን ከአጥንቱ ውጭ ያለው፣ የአንገት ንፍፊቶችም ጭምር ናቸው፤ ያንን የሚያሳየው በደም ሥር ከሚሰጥ መድኃኒት ጋር የሚነሣው ሲቲ ነው። ነርቩን ተከትሎ የሄደ ነገር ከተጠረጠረ በማግኔት የሚነሣው ምስል፣ ኤምአርአይ፣ ሊጨመር ይችላል። የኩላሊት ሕመም ካለብዎት፣ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም ቀደም ሲል በምስል መድኃኒት ሰውነትዎ ተቆጥቶ ከነበረ፣ ከመርፌው በፊት መናገር አለብዎት። ቀጠሮውንም ከበዓል በኋላ ብለው አያስተላልፉት።

ጥያቄ፦ የልጄ መንጋጋ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ውስጥ አብጦ ዓይኑን እስከ መግፋት ደርሷል። ዕድሜው ስድስት ዓመት ነው፤ ጥርሶቹም ይነቃነቃሉ። ጨረር ልጅ ይጎዳል ሲባል ስለሰማሁ ሲቲ እንዳይነሣ አመነታሁ። (ከአዳማ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ይህን ደብዳቤ እንደደረሰን በስልክ መልስ ሰጥተንበታል፤ ለሌሎች ወላጆች ሲባል ግን እዚህ እንጽፈዋለን። በልጅ ላይ በሳምንታት ውስጥ የሚያድግ የመንጋጋ እብጠት፣ ከሚነቃነቁ ጥርሶች ጋር ከሆነ፣ በርኪት ሊምፎማ የተባለው የካንሰር ዓይነት ሊሆን ይችላል። በሽታው ስሙን ያገኘው ኡጋንዳ ውስጥ ይሠሩ ከነበሩትና የሕፃናቱን የመንጋጋ ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1958 ከገለጹት ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ሲሆን፣ ወባ በሚበዛባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች ይታወቃል። ከሰው ልጅ ዕጢዎች ሁሉ እጅግ ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ በእጥፍ ሊያድግ ይችላል። መልካሙ ዜና በካንሰር መድኃኒት በደንብ የሚመለስ መሆኑ ነው፤ በቀዶ ሕክምና መቁረጥም አያስፈልገውም። ስለዚህ በዚህ ሁኔታ ዋናው ናሙናው ነው፤ ምስሉ ይነሣል፣ የሆድ አልትራሳውንድም ይታያል፣ ግን ምስል በመጠበቅ ናሙናው አንድ ቀን እንኳን መዘግየት የለበትም።

ስለ ጨረሩ ያለዎት ሥጋት ከንቱ አይደለም። ማንኛችንም ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በአማካይ በዓመት 2,400 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ያህል የተፈጥሮ ጨረር እናገኛለን። ፓኖራማ ራጅ ከ10 እስከ 25 ያህል ነው፤ የጥቂት ቀናት ድርሻ ማለት ነው። ኮን ቢም እንደሚያሳየው ስፋት ከጥቂት አሥሮች እስከ ብዙ መቶዎች ይደርሳል፤ የፊት ሲቲ ከብዙ መቶ እስከ ሺህና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የልጅ ሰውነት ለጨረር ይበልጥ ስሱ በመሆኑ አንድ ጥርስ ለማየት ብቻ ሰፊ ምስል ማንሣትን እቃወማለሁ። በፍጥነት የሚያድግ ዕጢን ለማየት ሲሆን ግን ሚዛኑ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ እኅቴ ባሕር ዳር ናት። የሲቲ ፊልሟን በስልክ አንሥታ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ እኔም እዚህ ለማውቃቸው ቀዶ ሐኪም አሳየሁላቸው። "ከዚህ ምንም መናገር አልችልም" አሉኝ። ለምን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሐኪሙ እውነታቸውን ነው። ፊልሙ ላይ የታተሙት ከመቶዎች ቁራሾች ተመርጠው የወጡ ጥቂቶች ናቸው፤ የፊልሙ የስልክ ፎቶ ደግሞ የጥላ ጥላ ነው። የሚያስፈልገው ዳይኮም በሚባለው ፎርማት የተቀመጠው ሙሉ ፋይል ነው፤ በሲዲ ወይም በፍላሽ ይሰጣል። እኅትዎ ምስሉን ወደተነሡበት ቦታ ተመልሰው፣ ቁራሾቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያልበለጡትን ስብስብ ይጠይቁ። ቶሎ ይጠይቁ፤ ቀጫጭኖቹ ቁራሾች ቦታ ስለሚይዙ ከማሽኑ የሚሰረዙበት ጊዜ አለ፤ በአምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ከቀረው ደግሞ ሐኪም ማቀድ፣ ባለ ሦስት አውታር ማተሚያም የመንጋጋውን ሞዴል ማውጣት አይችልም። በፋይሉ ውስጥ የእኅትዎ ስምና ዕድሜ እንዳለም አይርሱ፤ በብዙዎች ግሩፕ ላይ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። የናሙናውንም ውጤት አብረው ይላኩ፤ ያለ እርሱ ምስሉ ብቻውን ግማሽ ታሪክ ነው።

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። በናሙና አሜሎብላስቶማ መሆኑ ተረጋግጦ፣ ከመንጋጋዬ ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ በእግር አጥንት እንደሚተካ፣ ይህም ሁሉ አስቀድሞ በኮምፒውተር እንደሚታቀድ ተነግሮኛል። የእግር አጥንት እንዴት መንጋጋ ይሆናል? በኋላስ መራመድ እችላለሁ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይሆናል፤ ይራመዳሉም። ፊቡላ የሚባለው፣ ከጉልበት በታች ከዋናው የቅልጥም አጥንት ጎን ያለው ቀጭን አጥንት፣ የሰውነትን ክብደት የሚሸከመው በጥቂቱ ብቻ ነው። ከላይና ከታች በመገጣጠሚያዎቹ አጠገብ ያለው ክፍል ከተተወ መካከለኛው ከነደም ሥሩ ሊወሰድ ይችላል፤ በአዋቂ ሰው ላይ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይገኛል። የደም ሥሩ በአጉሊ መነጽር እየታየ ከአንገት የደም ሥር ጋር ስለሚሰፋ አጥንቱ በአዲሱ ቦታ ሕያው ሆኖ ይቀጥላል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዴቪድ ሂዳልጎ ይህን አጥንት ለታችኛው መንጋጋ መጠቀማቸውን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው።

ነገር ግን ፊቡላ ቀጥ ያለ ነው፤ መንጋጋ ደግሞ የታጠፈ። ቀጥ ያለውን የታጠፈ ለማድረግ በትክክለኛ ማዕዘን ሁለት ወይም ሦስት ቦታ መቁረጥ ይጠይቃል። ቀድሞ ይህ የሚደረገው በቀዶ ክፍል ውስጥ፣ በዓይን ግምት፣ ሰዓት እየሮጠ ነበር። አሁን የእርስዎ ምስል ወደ ኮምፒውተር ገብቶ፣ ዕጢው ያለበት ጎን ይቆረጣል፤ ጤነኛው ጎን እንደ መስታወት ተገልብጦ በቦታው ይቀመጣል፤ የፊትዎ ቅርጽ ምን መሆን እንዳለበት የሚነግረን ይህ የራስዎ ሌላኛው ጎን ነው። የእግርዎም ምስል ይነሣል፤ አጥንቱን ለመለካት ብቻ ሳይሆን፣ አንዱ የደም ሥር ቢወሰድ እግሩን የሚመግቡ ሌሎች መኖራቸውን ለማረጋገጥ ነው። ከዚያም መጋዙ የሚያልፍበት ስንጥቅ ያላቸው የመቁረጫ ቅርጾች በባለ ሦስት አውታር ማተሚያ ይሠራሉ፤ ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱ ላይ ያስራቸውና በስንጥቁ ይቆርጣል።

ይህ ሁሉ በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ ቢታጣም ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የላቀውን ጥቅም የሚሰጠው ርካሹ ክፍል ነው፦ የመንጋጋው የፕላስቲክ ሞዴል። በተራ ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ ሞዴሉ ከተሠራ፣ ቀዶ ሐኪሙ አጥንቶቹን የሚያያይዘውን የቲታኒየም ፕሌት ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ምሽት ሞዴሉ ላይ እያስጠጋ ማጠፍ ይችላል፤ ብሎኖቹ የት እንደሚገቡም ይለካል። በማደንዘዣ ሥር የሚያልፈው ጊዜ ያጥራል፤ ላይኛውና ታችኛው ጥርስ የሚገጥሙበት ሁኔታም ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቅርጾቹና ሞዴሉ የሚሠሩት ምስሉ በተነሣበት ቀን ከነበረው መንጋጋ ነው። ቀጠሮው ተራዝሞ ወራት ካለፉ ዕጢው ያድጋል፤ ቅርጾቹም አጥንቱ ላይ አይቀመጡም፤ የመቁረጫው መስመርም ከጤነኛው አጥንት ወደ ዕጢው ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ የቀዶ ሕክምናው ቀን ከተላለፈ ምስሉ ይታደስ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሐኪሙ አይቆጣዎትም። የጥርስ ተከላውን ጉዳይም አሁኑኑ ያንሡ፤ ዕቅዱ ሲወጣ ታስቦበት ከሆነ አጥንቱ በኋላ ጥርስ ለመሸከም በሚመች ከፍታ ላይ ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ አባቴ ከ12 ዓመት በፊት በአሜሎብላስቶማ ምክንያት መንጋጋው ተቆርጦ ነበር። ዛሬ ደህና ነው። አሁንም ምስል መነሣት አለበት? (ከዱባይ)

መልስ፦ አዎ፣ ግን በዝቅተኛው ጨረር። ከሚመለሱት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ይታያሉ፤ የቀሩት ግን ከአሥር ዓመት በኋላም ብቅ ይላሉ። ምልክት ከሌለው ፓኖራማ ራጅ በየጊዜው በቂ ነው፤ ባለ ሦስት አውታሩ የሚነሣው ራጁ ላይ አዲስ ነገር ሲታይ ወይም ፕሌቱ ሸፍኖት የማይታይ ቦታ ሲኖር ነው። ሲሄዱ የ12 ዓመቱን ፊልምና የናሙና ውጤት ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ የዛሬውን ምስል ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያነጻጽር ነው አንድ ጥቁር ነጥብ ጠባሳ ይሁን አዲስ ዕጢ የሚለየው።